ሳትጾሙ ለከረማችሁም እንኳን አደረሳችሁ

እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ ብርሃነ ትንሣኤ በሰላም አደረሳችሁ፣ ወዳጆቼ! እንዴት ከረማችሁ? ደጀን፣ ብቸና፣ ሞጣ፣ ቡሬ፣ ዳንግላ ያላችሁ ሁሉ፣ ለበዓል አገር ቤት እንገባለን ብላችሁ መንገዱ እንቢ ያላችሁም ጭምር።

55ቱን ቀን የጾማችሁ፣ ያከፈላችሁ፣ ስቅለት ዕለት ጉልበታችሁ እስኪከዳችሁ የሰገዳችሁ፣ ዋጋችሁን እሱ ይክፈላችሁ። እናንተን የሚያመሰግን ሰው አይጠፋም። ዛሬ የምጽፈው ግን በዐቢይ ጾም እንቁላል ለበሉት ነው።

አዎ፣ እንቁላል። የባለቤቴ ኩላሊት ሥራ አቁሟል። የምትኖረው በእጥበት ነው። ለእጥበቱ ስንል ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር መጥተን ቤት ተከራይተናል። ደሟ ወጥቶ በማሽን ይጣራና ተመልሶ ይገባል፤ አንዱ እጥበት አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማሽኑ ቆሻሻውን ሲያወጣ ከፕሮቲኑም ይዞባት ይሄዳል። ስለዚህ ሐኪሞቹ እንቁላል ብይ፣ ሥጋ ብይ ይሏታል። ሽሮና ምስሩን ደግሞ በልክ አድርጊው ብለዋታል። አስቡት እንግዲህ፣ የጾሙ ምግብ ተቀንሶባት የፍስኩ ታዘዘላት።

ጎጃም ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ትንሽ ልጅ እንኳ «እኔም እጾማለሁ» እያለ እናቱን የሚያስቸግርበት አገር ነው። እሷም ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ጾም ገድፋ አታውቅም። የንስሐ አባታችን ነገሩን ሲሰሙ ምንም አላቅማሙም። «ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን በጾም አታስገድድም። የታዘዝሽውን ብይ ልጄ፣ ድነሽ ትጾሚያለሽ» አሏት። እሷ ግን ሽታው ጎረቤት እንዳይደርስ በሩንም መስኮቱንም ዘግታ፣ እያለቀሰች በላች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የምለው ጠፋኝ። ብዙ የሰገደ ሰው አውቃለሁ። እንደዚያ እንቁላል የከበደ ስግደት ግን አላየሁም።

«እምነት ቢኖራት ጠበሉ ይበቃት ነበር» ያሉም አልጠፉም። ጠበሉንማ አልተወችውም፤ በማንኪያ ትጠጣዋለች። በማንኪያ የሆነበት ምክንያት አለው። ኩላሊቷ ውኃ ስለማያስወጣ የጠጣችው ሁሉ ሰውነቷ ውስጥ ይቀራል። እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። የቀኑ ውኃዋ በብርጭቆ ተለክቶ ነው የሚሰጣት። ደግሞስ እግዚአብሔርን ከማሽን ጋር ማን አጣላው?

ስቅለት ዕለት መስገድ ስለማትችል ከአሮጊቶቹ ጋር ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ሕማሙ ሲነበብ ጌታ በመስቀል ላይ «ተጠማሁ» ያለው ቦታ ላይ ተደረሰ። ስንወጣ፣ «ይቺን ቃል እኮ እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ነበር የምሰማት» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። እኔም ቃሉን ስንት ዓመት ሰምቼ አሳልፌዋለሁ። ጥማት የሚባለውን የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ማሰሮው ሁልጊዜ አጠገቤ ነው።

እዚያው መስቀል ላይ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» ብሏል። የዳዊት 21ኛው መዝሙር መጀመሪያ ነው፤ ዳዊት የሚደግም ሁሉ ያውቀዋል። ለዚህ ነው «ምነው ጌታዬ» ማለትን ክህደት ነው የሚሉ ሰዎች የማይገቡኝ። እኛ ቤት ሌሊት ሌሊት «ምነው» ይበዛል። ጠዋት ደግሞ አማትበን እንነሳለን። ሁለቱም ጸሎት ነው ብዬ ነው የምወስደው። ጸሎቱ የሚደርቅበት ጊዜም አለ። ያኔ እሷ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ብቻ ብላ ትተኛለች፣ እኔ እሱም ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ስለ ሰው ካነሳሁ የማርያም ማኅበሯን ሴቶች ሳልጠቅስ አላልፍም። «ለበጎ ነው» ብለዋት አያውቁም፣ ተመስገን። ከማርቆስ መንገዱ ሲከፈት ጠብቀው በርበሬና ሽሮ ያስይዛሉ። አንዷ መጥታ ሰንብታ ሊጡን አቡክታ፣ እንጀራውን ጋግራ፣ ልብሱን አጥባ ሄደች። በወር በወር 21 ሲደርስ ጽዋው ላይ ስሟን ጠርተው፣ አልቅሰው፣ ስልክ ደውለው ያስቋታል። ምን ብለው እንደሚያስቋት አልነገሩኝም፤ የሴቶች ነገር ነው።

እንግዲህ በዓሉን በማሽን ላይ ለምትውሉ፣ ለአስታማሚዎች፣ በሐኪም ትእዛዝ ገድፋችሁ አሁን ድረስ ልባችሁን ለሚቆረቁራችሁ፣ ከቤታችሁ ተፈናቅላችሁ በሰው ቤት ለምትፈስኩ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ቄጤማው ለእናንተም ተጎዝጉዟል። የሌሊቱ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል እናንተን ሳይጨምር የተባለ አይደለም።

የኛ ዶሮ ሲወጠወጥ አድሯል። 12ቱም ብልት አለ፣ ጨው ግን የለም፤ ለእሷ ክልክል ነው። ባሕር ዳር ያላችሁ ዛሬውኑ ብቅ በሉ፣ ነገ ሰኞ የእጥበት ቀኗ ነው። ለእንግዳ የሚሆን ጨው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠናል።