ወደ ባንኮኒ የሚያዘነብል ወለል፦ የማንቸስተር በርሜል ቢራ

ከለንደን ዩስተን ማንቸስተር ፒካዲሊ ለመድረስ ባቡሩ ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ ሲዘንብ ተነሳሁ፣ ሲዘንብ ደረስኩ። ሌሊቱን ግን አልረሳውም። ጣቢያው አጠገብ የያዝኩት ሆቴል የእሳት ማስጠንቀቂያው ሁለቴ ጮኾ እንግዳውን ሁሉ በሌሊት ልብስ መንገድ ላይ አቆመው፤ ጠዋት ሻንጣዬን እስከ ማታ አስቀምጡልኝ ስል ደግሞ 10 ፓውንድ ተጠየቅኩ። እኛ አገር ፔንሲዮን ያደረ ሰው ሻንጣውን ለዘበኛው አደራ ብሎ ይወጣል፣ ሲመለስ ከልቡ የሚሰጠውን ይሰጣል። ለአደራ ታሪፍ ሲወጣለት ያናድደኛል።

የመጣሁት የእንግሊዝን በርሜል ቢራ በአገሩ ለመቅመስ ነው። አዲስ አበባ በጃምቦ የምንጠጣው ድራፍት ተጣርቶ፣ እርሾው ወጥቶ፣ በጋዝ ግፊት በጣም ቀዝቅዞ የሚወርድ ነው። በርሜል ቢራ ግን ከጠማቂው ሲወጣ ገና አላለቀም። እርሾው ውስጡ በሕይወት አለ፤ መጠጥ ቤቱ ምድር ቤት ገብቶም መፍላቱን ይቀጥላል፣ ጋዙንም ራሱ ያበጃል። ስለዚህ የመጨረሻው ሙያ የምድር ቤቱ ሰው ነው። አንድ ጠማቂ ያወጣው አንድ ዓይነት ቢራ በአንዱ ቤት ግሩም፣ መንገድ ተሻግሮ ባለው ቤት የማይጠጣ ሊሆን ይችላል። ጠላ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ብቅሉና ጌሾው አንድ ሆኖ የእገሊት ጠላ ከእገሊት ጠላ የሚለየው በእጇና በጋኗ ነው።

ይህ ቢራ ሊጠፋ የተቃረበበት ጊዜ ነበር። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ለአያያዝ የሚቀለውን፣ በጋዝ የሚገፋውን የኬግ ቢራ በየቤቱ አስገቡ። በ1971 ካምራ የሚባል የጠጪዎች ማኅበር ተቋቁሞ የበርሜሉን ቢራ ለማዳን ተነሳ፤ ዛሬም አለ።

ዋናው የመጣሁበት ማርብል አርች የሚባል መጠጥ ቤት ነው፤ ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን መሃል ከተማ አንድ ሌላ መጠጥ ቤት ገብቼ ነበር። ስሙ ይቅር። ሰኞ ነው፣ ገና መከፈቱ ነው፣ ከእኔ ሌላ ሁለት ሰው ብቻ አለ። የቀዱልኝ ቢራ ለብ ያለ ነው፤ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ኮምጣጤ ሸተተኝ። የኮመጠጠ ጠላ ለሚያውቅ አፍንጫ ይህን ለመለየት አስተማሪ አያሻውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በርሜሉ ከተከፈተ በኋላ ቢራ በተቀዳ ቁጥር በቦታው አየር ይገባል፤ ከአየሩ ጋር ኮምጣጤ የሚያበጁት ባክቴሪያዎች ሥራ ይጀምራሉ። የተከፈተ በርሜል በሦስት ቀን ገደማ ማለቅ አለበት። ቅዳሜ ተከፍቶ እሑድ ጠጪ ያጣ በርሜል ሰኞ እንዲህ ይሆናል። ለብ ማለቱ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ሌሊቱን ቱቦው ውስጥ ያደረው ቢራ መጀመሪያ ተስቦ መደፋት ሲገባው ለእኔ ደረሰ።

እንዲህ ሲገጥማችሁ አንድ ሁለት ጉንጭ ብቻ ቀምሳችሁ ወደ ባንኮኒው መልሱት። ግማሹን ጠጥቶ መመለስ አያምርም፣ ክርክርም ያመጣል። ደህና ቤት ያለ ጥያቄ ይለውጣል። እኔን «ቢራው እንዲህ ነው» አሉኝ፤ ትቼው ወጣሁ። ገንዘቤም ቀረ፤ ከሻንጣው ክፍያ ይልቅ የቆጨኝ ይኼኛው ነው።

ማርብል አርች ሮችዴል ሮድ ላይ፣ ቁጥር 73፣ ከቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ነው። በ1888 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ የማዕዘን ቤት ነው፤ ስሙም (የእብነ በረድ ቅስት ማለት ነው) የመጣው በሩን ከከበበው ከተወለወለው ቀይ ድንጋይ ነው። ከውጭ ሲያዩት ብዙ አይናገርም። ገብታችሁ ግን ቁሙ። ግድግዳው እስከ ላይ በሚያብረቀርቅ ሸክላ ጡብ ተለብጧል፤ ከጣሪያው ሥር ዙሪያውን የመጠጥ ስሞች በትልልቅ ፊደል ተጽፈዋል። ወለሉ ሞዛይክ ነው፣ ደግሞም ከበሩ ወደ ባንኮኒው ቁልቁል ያዘነብላል። ዓይን ሳያየው እግር ያውቀዋል፤ ሳታስቡት ባንኮኒው ጋ ትደርሳላችሁ። ባዶ ብርጭቆ ይዛችሁ ስትመለሱ አያስቸግርም፣ ሙሉ ብርጭቆ ይዛችሁ ሽቅብ ወደ በሩ ስትወጡ ግን ዓይናችሁ ወለሉ ላይ ይሁን፤ ያዘነበለ ወለል ላይ እስከ አፉ የተሞላ ብርጭቆ በቀላሉ ይፈሳል። ከ1997 ጀምሮ ጠመቃው ራሱ በዚሁ ቤት ጀርባ ይካሄድ ነበር፤ ኋላ ቦታው ስለጠበበ ሌላ ስፍራ ሄዷል።

ስገባ ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ከሥራ ከሚወጣበት ሰዓት በፊት ስለሆነ ቦታ አለ። ማንም መጥቶ አይታዘዛችሁም፤ ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ ታዛላችሁ፣ እዚያው ትከፍላላችሁ፣ ራሳችሁ ተሸክማችሁ ትሄዳላችሁ። ሰልፍ የለም፣ ተራ ግን አለ። ማን ቀድሟችሁ እንደቆመ አስተውሉ፤ ቀጂዋ ወደ እናንተ ብትመጣና ተራው የሌላ ከሆነ «እሳቸው ናቸው» በሉ። እጅ ማጨብጨብ ወይም ብር ማወዛወዝ እዚህ ነውር ነው። ይህን ሥርዓት ወደድኩት። ጠባቂ የሌለው ተራ ሲከበር ደስ ይላል።

ባንኮኒው ላይ ረዣዥም እጀታዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው በግንባራቸው የቢራው ስምና የአልኮል መጠኑ የተጻፈበት ምልክት አላቸው። ምልክቱ ወደ ኋላ ከዞረ ቢራው አልቋል ማለት ነው። ብዙ ቢራ ለመቅመስ ያሰበ ሰው ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከፈዛዛው ወደ ጥቁሩ ቢሄድ ይሻለዋል፤ በጥቁር ቢራ ከጀመረ ቀጥሎ የሚቀምሰው ፈዛዛ ቢራ ውኃ ይሆንበታል። ሙሉው መለኪያ ፓይንት ነው፣ 568 ሚሊ ሊትር፤ ግማሹን ማዘዝም ይቻላል፣ ማንም አይታዘባችሁም። እኔ ሁልጊዜ በግማሽ እጀምራለሁ። ቀጂዋ ገና ስጠይቃት «የትኛውን ላቅምስህ፣ ላቭ?» አለችኝ። ላቭ ማለት እዚያ ከተማ እንደ እኛ «የኔ ወንድም» ያለ የዘወትር አጠራር ነው። በትንሽ ብርጭቆ ሁለት ዓይነት አስቀመሰችኝ፣ በነፃ።

የመረጥኩት ማንቸስተር ቢተር ነበር (ቢተር መራራ ማለት ነው፣ የቢራው ዓይነት ስም ነው)፤ አልኮሉ 4.2 በመቶ ነው። ሙሉ ፓይንቱ አምስት ፓውንድ ሊሞላ ጥቂት ፔንስ ይቀረው ነበር። የዚህ ከተማ ቢተር በቀለሙ ፈዛዛ፣ በአፍ ደረቅ፣ መጨረሻ ላይ ጥርት ያለ መራራ ነው። ከዚህ ብዙም የማይርቀው፣ በ1778 ሥራ የጀመረው የቦዲንግተንስ ፋብሪካ በዚህ ዓይነት ቢራው ይታወቅ ነበር፤ ፋብሪካው በ2005 ተዘጋ።

አቀዳዱን በቅርብ አየሁት። እጀታውን ስትስብ ባንኮኒው ሥር ያለው ፓምፕ ቢራውን ከምድር ቤት ይጎትተዋል፤ ጋዝ የለም፣ የሚሠራው የክንድ ጉልበት ብቻ ነው። ሲሊንደሩ በአንድ ስቦሽ ግማሽ ፓይንት ገደማ ይሰጣል፤ ስለዚህ ለሙሉ ፓይንት ሁለት ረጃጅም፣ እርጋታ ያላቸው ስቦሾች፣ ከዚያ አንድ አጭር መሙያ። የቧንቧው አንገት ጫፍ ላይ ስፓርክለር የሚባል ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ክዳን ተጠምዷል። ቢራው በጠባቦቹ ቀዳዳዎች ሲያልፍ ይናጣል፣ ጋዙ ይወጣል፣ እንደ ክሬም የጠበቀ አረፋ ይሠራል። ሰሜኖቹ ያለዚህ አይጠጡም፤ ደቡቦቹ ደግሞ ጣዕሙን ያደክመዋል ብለው ያወልቁታል። እኔ ለዚህ ዓይነቱ መራራ ቢራ የሰሜኖቹን እደግፋለሁ፤ አረፋው ምሬቱን ያለዝበዋል። ካልወደዳችሁት «ያለ ስፓርክለር» ብላችሁ ብትጠይቁ ይነቅሉላችኋል። መጀመሪያ ብርጭቆው ውስጥ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ይሄዳል። እስኪጠራ ጠብቁት፣ ደቂቃ አይሞላም። ስትጠጡ አረፋው በየጉንጩ ብርጭቆው ላይ ቀለበት እየሠራ ከቀረ ብርጭቆው ንጹሕ ነው፤ ቅባት ወይም የሳሙና ቅሪት ካለበት አረፋው ወዲያው ይሞታል።

ስለ ጠላ ስነግራት ቀጂዋ ፊቷ በራ። ሥራ እስኪበዛ ጥቂት ደቂቃ ስለነበራት ምድር ቤቱን አሳየችኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር 12 ዲግሪ ያሳያል። ቢራው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከዚያ ሲቀዘቅዝ ጣዕሙ ይደበቃል፣ ሊደፈርስም ይችላል፤ ሲሞቅ ቶሎ ይበላሻል። «እንግሊዞች ሞቅ ያለ ቢራ ይጠጣሉ» የሚባለው ልክ አይደለም፤ ምድር ቤት ውስጥ እንዳለ ጋን ቀዝቀዝ ያለ ነው።

በርሜሎቹ ፈርኪን የሚባሉ ናቸው፤ አንዱ 72 ፓይንት፣ ወደ 41 ሊትር ይይዛል። ታችኛው ጥቂቱ አተላ ስለሆነ አይሸጥም። ጎናቸው ላይ ተጋድመው፣ እንዳይንከባለሉ በሽብልቅ ተይዘው ተቀምጠዋል። እንደመጡ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ሳይነኩ ያርፋሉ። ከዚያ ከላይ ባለው ቀዳዳ ትንሽ የእንጨት ውታፍ በመዶሻ ይመታበታል። የመጀመሪያው ውታፍ አየር የሚያሳልፍ ልል እንጨት ነው፤ አረፋ እያፏጨ ይወጣበታል። ፍላቱ ሲበርድ ጋዙ ሁሉ እንዳያመልጥ በጠንካራው ውታፍ ይተካል። ሲቀዳ ልሉ፣ ሌሊት ጠንካራው። ጠንካራውን ረስቶ ያደረ ሰው ጠዋት የሞተ ቢራ ያገኛል፤ ልሉን ረስቶ የሚቀዳ ደግሞ አየር ስለማይገባ ፓምፑ እየጎተተ ባዶ ይስባል። ቧንቧው ሲሰካ በአንድ ጠንካራ ምት መግባት አለበት፣ ካልሆነ ቢራው ሰው ላይ ይረጫል። ቢራው እያነሰ ሲሄድ በርሜሉ ከኋላ ቀስ ተብሎ ይነሳል፤ ድንገት ካነሱት አተላው ይነሳና ያ ቀን ተበላሸ። እዚህ ላይ አቋረጥኳትና ጋን ከተቀመጠበት እንደማይነቃነቅ ነገርኳት።

ስለ ጾም ለሚያስብ ሰው አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቹ የበርሜል ቢራዎች የሚጠሩት ከዓሣ የአየር ከረጢት በሚወጣ ማጥሪያ ነው። እርሾውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፣ ብርጭቆ ውስጥ የሚደርሰው ኢምንት ነው። ቢሆንም በጾም ዓሣ የማይቀምስ ሰው ከማዘዙ በፊት ያልተጣራ ወይም ቪጋን (ከእንስሳ የመጣ ነገር የሌለበት) የሆነ አላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቅ፤ ያልተጣራው ትንሽ ጉሽ ነው፣ ይህም ጥፋት አይደለም። ጉሽ ሆኖ የሚጎመዝዝ ወይም ከታች የእርሾ ዝቃጭ የሚወርድበት ከሆነ ግን የበርሜል መጨረሻ ነው፣ ይመለስ።

11 ሰዓት ላይ ቤቱ ሞላ። ያዘነበለው ወለል ሰውን ሁሉ ወደ ባንኮኒው አጠራቀመው፤ እኔም ሽቅብ ወደ በሩ ዳር ሸሸሁ። ሁለተኛ ግማሽ ፓይንት ጥቁር ቢራ ጠጣሁ፣ የተጠበሰ ብቅል ሽታው ደረቆት ሲታመስ የሚወጣውን ይመስላል። ሦስተኛ ላዝዝ ስመለስ የማንቸስተር ቢተሩ ምልክት ወደ ኋላ ዞሯል። ሌላ በርሜል የለም ወይ አልኳት። አለ፣ ታች ነው፣ ዛሬ ጠዋት ነው ልሉ ውታፍ የተመታበት፤ ገና አልጠራም፣ ነገ ከሰዓት ና አለችኝ። ባቡሬ ጠዋት ነበር።