ያለ ቦታው የተቀመጠ ካልሲየም

ራጅ ላይ ነጭ ነገር ታይቶ «ካልሲየም ተከማችቷል» የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ወተትና አይብ መተው ነው። ይህ በጣም ያሳስበኛል። የትከሻ ጅማት ውስጥ የሚገኘው ክምችት ከሚበላው ካልሲየም የመጣ አይደለም። ወተቱ ቢቀርም ክምችቱ ባለበት ይቆያል፣ አጥንት ግን የሚያስፈልገውን ያጣል።

ከሰውነታችን ካልሲየም 99 ከመቶው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። በደም የሚዘዋወረው ጥቂት ካልሲየም ከፎስፌት ጋር ተጣምሮ ጡንቻ፣ ቆዳ ወይም የደም ሥር ላይ እንዳይጠጥር የሚከላከሉ ነገሮች አሉ፤ ፓይሮፎስፌትና በቫይታሚን ኬ ተደግፎ የሚሠራ አንድ ፕሮቲን ከእነዚህ መካከል ናቸው። ክምችት የሚመጣው ቦታው ራሱ ሲጎዳ ወይም በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ወይም ፎስፌት ከልክ ሲያልፍ ነው። ሕክምናው የሚለየውም እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ስለ እብጠቱ ከመጨነቅ በፊት የደም ምርመራ ውጤቱን ማየት ይሻላል።

የሚታዘዙት ካልሲየም፣ ፎስፈረስ (የፎስፌቱ መለኪያ)፣ አልቡሚን፣ ክሬቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ)፣ በደም ያለውን ካልሲየም የሚቆጣጠረው የፓራታይሮይድ ሆርሞንና ቫይታሚን ዲ ናቸው። በአዋቂ ሰው ካልሲየም በግምት ከ8.5 እስከ 10.5፣ ፎስፈረስ ከ2.5 እስከ 4.5 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው። በደም ውስጥ ካልሲየምን ይዞ የሚዞረው ፕሮቲን፣ አልቡሚን፣ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ካልሲየም 9.8 ሆኖ ሲመጣ ደህና ይመስላል፤ አልቡሚኑ 2 ግራም በዴሲ ሊትር ከሆነ ግን ከ4 ለጎደለው ለእያንዳንዱ አንድ ግራም 0.8 ሲደመር 11.4 ይሆናል፣ ይህ ደግሞ ከፍተኛ ነው። የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው ይህ ስሌት ሊያሳስት ስለሚችል ከፕሮቲን ጋር ያልታሰረውን ካልሲየም በቀጥታ ማስለካት የተሻለ ነው።

ደሙ ጤናማ ከሆነ ምክንያቱ የሚፈለገው እዚያው ቦታ ላይ ነው፦ የቆየ ጠባሳ፣ መርፌ የተወጋ ቦታ፣ ቲቢ የነካው ንፍፊት፣ ወይም ሰውነት የራሱን ቆዳና ጡንቻ የሚያጠቃባቸው እንደ ስክሌሮደርማና ደርማቶማዮሳይቲስ ያሉ ሕመሞች። በእነዚህ ሕመሞች ጣትና ክርን ላይ የሚወጣው ጠጣር እብጠት አንዳንዴ ቆዳውን በስቶ ነጭ ነገር ያፈስሳል። መግል ይመስላል፣ ግን ሁልጊዜ መግል አይደለም። መጭመቅ ቁስሉን ያሰፋዋል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጠዋል። የደም ግፊት መድኃኒት የሆነው ዲልቲያዜም ይሞከራል፤ ውጤቱ ግን ከሰው ሰው ይለያያል፣ እርግጠኛ ተስፋ መስጠት አይገባም። እብጠቱ የሚያሳምም ወይም እንቅስቃሴ የሚከለክል ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ግን አስቀድሞ መነገር አለበት።

የትከሻው ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ክንድን ወደ ጎን የሚያነሳው ጅማት ውስጥ የተቀመጠው ካልሲየም ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሊቆይ ይችላል። እንቅልፍ የሚነሳው ከባዱ ሕመም የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሰውነት ክምችቱን መምጠጥ ሲጀምር ነው፤ ሕመሙ የባሰበት ወቅት ክምችቱ የሚሟሟበት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ብዙዎች በማስታገሻና በፊዚዮቴራፒ ይሻላቸዋል። ካልተሻለ በአልትራሳውንድ እየታየ ቦታው በሊዶኬይን ይደነዝዝና ወፈር ያለ መርፌ ክምችቱ መሃል ይገባል። ጨዋማ ፈሳሽ በትንሽ በትንሹ ይገፋና ሲሪንጁ ሲለቀቅ ፈሳሹ ደመናማ ሆኖ ይመለሳል፤ ፈሳሹ ጠርቶ እስኪመለስ ይደጋገማል። ክምችቱ እንደ ጥርስ ሳሙና የለሰለሰ ከሆነ በቀላሉ ይወጣል፣ ደርቆ የጠጠረው ግን መርፌውን ይደፍናል። በቀጣዮቹ ቀናትና ሳምንታት ሕመሙ ሊያገረሽ ስለሚችል ሕክምናው እንዳልሠራ ተቆጥሮ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም።

ደሙ የተዛባ ከሆነ ግን እብጠቱን መነካካት ብዙም አይረዳም። ዋነኛው መነሻ የቆየ የኩላሊት ድካም ነው፤ ኩላሊት ፎስፌት ማስወጣት ሲያቅተው ክምችቱ በደም ሥርና በመገጣጠሚያዎች ዙሪያ ይጀምራል። የፓራታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ መሥራትና ያለ ልክ የተወሰደ ቫይታሚን ዲም ምክንያት ይሆናሉ። ቫይታሚን ዲ በስብ ውስጥ ስለሚጠራቀም ኪኒኑ ከቆመ በኋላም ካልሲየሙ ለሳምንታት ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል።

ፎስፌት የሚያስሩ መድኃኒቶች የሚወሰዱት ከምግብ ጋር ነው። ሥራቸው ምግቡ ውስጥ ያለውን ፎስፌት አንጀት ውስጥ መያዝ ነውና በባዶ ሆድ ሲዋጡ የሚይዙት የላቸውም። ካልሲየም ካርቦኔት ከሆነ ደግሞ ካልሲየሙ ራሱ ወደ ደም ይገባል፣ ሊያድን የታሰበው ጉዳቱን ያብሳል። ካልሲየሙ ከፍ ላለበት ታካሚ እንደ ሴቬላመር ያለ ካልሲየም የሌለው አማራጭ እንዳለ ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የኩላሊት እጥበት ላይ ባለ ሰው ጭን ወይም ሆድ ላይ የሚወጣ፣ ከመልኩ በላይ የሚያም፣ መረብ የመሰለ ወይን ጠጅ የቆዳ ለውጥ ነው። ትንንሾቹ የደም ሥሮች በካልሲየም ሲዘጉ ቆዳው ይሞታል፣ ቁስሉ ከተመረዘም ለሞት ያደርሳል። የደም መርጋትን የሚከላከለው መድኃኒት ዋርፋሪን የቫይታሚን ኬን ሥራ ስለሚገታ አደጋውን ይጨምራል። የሚወሰደው ዋርፋሪን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሁሉ ያኔውኑ በሐኪም መከለስ አለበት፤ ዋርፋሪን በራስ ውሳኔ አይቆምም። በእጥበቱ የመጨረሻ ሰዓት ሶዲየም ታዮሰልፌት በደም ሥር ይሰጣል፤ ለአዋቂ የተለመደው መጠን 25 ግራም ነው። እንዲህ ያለ ሕመም የጀመረው ሰው የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን መታየት አለበት።