ቁጥሩ ከየት መጣ? ጅማ ላይ ባዮስታቲስቲክስ የተማርኩበት መንገድ

ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ስሠራ በየወሩ ሪፖርት እሰበስብ ነበር። የክትባት ሽፋኑ አንዳንዴ ከመቶ በመቶ ያልፋል። ከመቶ ሕፃን መቶ አሥር ይከተባል? ስንጠይቅ መልሱ ሁሌም «ከጎረቤት ወረዳ መጥተው ይሆናል» ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ዋናው ጣጣ ግን ከታች ያለው ቁጥር ነው፤ ይከተባሉ ተብለው የሚጠበቁት ሕፃናት ብዛት። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዕድገት መጠን እየተባዛ በመጣ ግምት ነው የምናካፍለው። ሰው ለቅቆ ሲሄድ ወይም በብዛት ሲገባ ግምቱ አያውቅም።

ወደ ትምህርት የገፋኝ ይሄ ነው። በሙያዬ ጤና መኮንን ነኝ። ማስተርስ ስወስን ጓደኞቼ በሙሉ «ኤምፒኤች (የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ) ተማር» አሉኝ። ምክራቸው ክፉ አልነበረም። ኤምፒኤች ሰፊ ነው፤ ወደ ኃላፊነት መሄድ ለሚፈልግ ሰው ዛሬም እሱን እመክራለሁ። እኔ ግን ስብሰባ አልወድም። ሠንጠረዥ ፊት ተቀምጬ የቱ ቁጥር እንደማያምር መፈለግ ይሻለኛል። ስለዚህ ባዮስታቲስቲክስን፣ የጤና መረጃ ስታቲስቲክስን፣ መረጥኩ።

ጅማን የመረጥኩት አንድም ቤተሰቦቼ አጋሮ ስለሆኑ ነው። ቅዳሜ ወጥቼ እሁድ እመለሳለሁ፤ እናቴ ቡናና እንጀራ ጭናኝ። ሌላው ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ከሥሮቹ አንዱ ነው፤ የጤና ተማሪን ወደ ማኅበረሰቡ አውጥቶ ማስተማር መታወቂያው ነው። በጊልጌል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ደግሞ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት የሚመዘገብበት የምርምር ማዕከል አለው። ከግምት ጋር ሲታገል ለኖረ ሰው፣ በእውነት የተቆጠረ ሕዝብ ማየት ብርቅ ነው።

ከጤና የሚመጣ ሰው የሚፈራው ሒሳቡን ነው። ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ከስታቲስቲክስ የመጡት ልጆች መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሳይጨርስ መልሱ ጋ ይደርሳሉ። እኛ ከጤና የመጣነው እርስ በርስ እንተያያለን። ክረምቱን ከእህቴ ልጅ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መጻሕፍት ተውሼ ነበር የከረምኩት። ሁሉንም አልሠራሁም። ሎጋሪዝም፣ ኤክስፖኔንት፣ ማትሪክስ፣ ዴሪቬቲቭ፤ በቃ። ሎጋሪዝም ያልገባው ሰው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን፣ ሆነ ወይስ አልሆነም የሚል ውጤት የሚተነተንበት ሞዴል፣ አይገባውም። ዴሪቬቲቭ የሌለው ሰው ማክሲመም ላይክሊሁድ (ከመረጃው ጋር ይበልጥ የሚስማማውን ግምት የመፈለጊያ ዘዴ) ሲባል ዝም ብሎ ያምናል እንጂ አያይም። የቀረውን የተማርኩት በስምምነት ነው። ልጆቹ ቀመሩን ያስረዱኛል፤ እኔ ደግሞ ሲዲ ፎር (ኤችአይቪ የሚያጠቃው የነጭ ደም ሕዋስ) ምን እንደሆነ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመረ ሰው ለምን ክትትሉን እንደሚያቋርጥ አስረዳቸዋለሁ። ሁለታችንም አተረፍን።

ፕሮፖዛል ላይ ስደርስ፣ ለጥናቱ ስንት ሰው ይበቃል ሲባል የሚመጣ አንድ ቁጥር ገጠመኝ፦ 422። የጤና ማስተርስ ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። አንዳንዱ ወደ ላይ አጠጋግቶ 423 ይለዋል። ምጣኔው 50 በመቶ ነው ብለህ ታስባለህ፣ የስሕተት ወሰኑን 5 በመቶ፣ መተማመኛውን 95 በመቶ ታደርጋለህ፤ 384 ይወጣል። መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ትጨምራለህ። ቀመሩ ምንም አልበደለም። አንድን ምጣኔ ለመገመት የተሠራ ነው። ሁለት ቡድን ለማነጻጸር ግን ሌላ ስሌት አለ። ቀበሌ መርጠህ ቀበሌው ውስጥ ያሉትን የምትጠይቅ ከሆነም የአንድ ሰፈር ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ዲዛይን ኢፌክት የሚባል ማባዣ ይገባል። ማባዣው 2 ከሆነ 384ቱ 768 ሆነ ማለት ነው። በጀት የሌለው ተማሪ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። እኔም ተማሪ ነበርኩ።

ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ወደ ኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የምንሮጠው። ትልቅ ነው፣ በእኔ ጊዜ በጥያቄ በነፃ ይሰጥ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር በ2000 እ.ኤ.አ. 58 በመቶ እንደነበርና በ2016 ወደ 38 በመቶ እንደወረደ የምናውቀው ከእሱ ነው። ግን ወጥመድ አለው። እንደ ሐረሪና ጋምቤላ ያሉ አነስተኛ ክልሎች የራሳቸው አኃዝ እንዲኖራቸው ተብሎ ከሕዝብ ድርሻቸው በላይ ናሙና ይወሰድባቸዋል። ስለዚህ የሀገር ቁጥር ለማውጣት በናሙና ክብደት መመዘን ግድ ነው። ክብደቱ ፋይሉ ውስጥ በሚሊዮን ተባዝቶ ተቀምጧል፤ ለሚሊዮን ማካፈልን አትርሱ።

መስክ መውጣት ግን ሌላ ትምህርት ነው። መጠይቁ ወደ አፋን ኦሮሞ ይተረጎማል፣ ሌላ ሰው መልሶ ይተረጉመዋል፣ ልዩነቱ ይታረማል። ከዚያ ወደ ቤት ትገባለህ። «አዴ፣ ልጅዎ ስንት ወሩ ነው?» ትላለህ። «ዓመት ይሆነዋል» ይሉሃል። ዓመት ማለት አሥር ወርም አሥራ አራት ወርም ሊሆን ይችላል። መቀንጨር የሚለካው ደግሞ ቁመት ለዕድሜ ነው፤ ወሩ ከተሳሳተ ቁመቱን በሚሊሜትር መለካቱ ዋጋ የለውም። የክትባት ካርድ ካለ ተገላገልክ። ከሌለ በአካባቢው ነገር ትጠይቃለህ። «ቡና ሲለቀም ተወልዷል?» ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ለቀማው በየዓመቱ ያው ወራት ላይ ነው። «ከአረፋ በፊት ነው በኋላ?» የሚለውም ይጠቅማል፤ ግን አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ የየትኛው ዓመት አረፋ እንደሆነ ማጣራት አለብህ። መረጃ ሰብሳቢዎቻችን ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቁ ነበር። ቡና ሳይጠጡ ከማንም ቤት እንደማይወጡም ያውቁ ነበር፤ የቀን ዕቅዳችን ሁሌ የሚፋለሰው በዚህ ነው።

ቴሲሴ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ፣ በኤችአይቪ ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች የቆይታ ትንተና ነበር፤ አንድ ነገር እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ የሚታይበት። ሰርቫይቫል አናሊሲስ የሚባለው። ካርድ ክፍል ቁጭ ብለን ከካርድ ወደ ቅጽ እንገለብጣለን። ትንተናው በቀን ላይ የቆመ ነው፤ መቼ ጀመረ፣ መቼ ምን ሆነ። ቀናችን ደግሞ የኢትዮጵያ ነው። 30/2 ብለህ ጥቅምት 30ን ብታስገባ ሶፍትዌሩ ፌብሩዋሪ 30 አድርጎ ያያል። እንዲህ ያለ ቀን የለም፤ ባዶ ያደርገዋል። ጳጉሜን እንደ 13ኛ ወር አያውቃትም። ይባስ ብሎ የላቦራቶሪ ወረቀቱ በፈረንጅ ቀን የታተመ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም መድኃኒት የጀመረ ሰው በ2015 እ.ኤ.አ. ሲመረመር፣ ቀኖቹን ሳትለይ ብትቀንስ ሰባት ዓመት የታከመ ይመስላል። በእውነቱ አራት ወር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቅጹ ላይ ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚያሳይ ሳጥን አስገባን፣ ቅየራውን ደግሞ በአንድ ኮድ ሠራነው። ትልቁ የቴሲሴ ሥራ ይሄ ነበር። ቆይታውን የሚተነትነው የኮክስ ሞዴል ራሱ አንድ ከሰዓት አልፈጀም።

ሞዴሉ የማይነግርህ ነገር አለ። ክትትል ያቋረጠ ወይም ወደ ሌላ ጤና ተቋም የተዘዋወረ ሰው እስከታየበት ቀን ተቆጥሮ ይወጣል። ካፕላንና ማየር በ1958፣ ኮክስ በ1972 ያበጁት ዘዴ እነዚህ ሰዎች ከቀሩት ጋር ይመሳሰላሉ ብሎ ያስባል። ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው ግን ከጠፉት መካከል ቤቱ ሆኖ የሞተ እንዳለ ያውቃል። ዲፌንስ፣ ቴሲሱን በፈታኞች ፊት የምናቀርብበት ቀን፣ ላይ በጣም የተጠየቅኩት ስለዚህ ነው፤ መልስ የነበረኝም ካርድ ክፍል ውስጥ ስለቆየሁ ነው።

የኪስ ገንዘብ ከሽቀላ ነበር። የሌሎችን ዳታ እተነትናለሁ። እዚያ የተማርኩት ትንሽ አይደለም፤ የሰው ፋይል ከራስህ ይልቅ ያስቸግራል። ውጤቱን ግን አልጽፍላቸውም፤ ገንዘቡ ቢበዛም። የሚያጨቃጭቀን ሁሌም ኦድስ ሬሾ ነበር። እንበል፣ ከተማሩ እናቶች 80 በመቶ ጤና ተቋም ይወልዳሉ፣ ካልተማሩት 60 በመቶ። ኦድስ ማለት የሆነው ላልሆነው ሲካፈል ነው፤ 80 ለ20 አራት፣ 60 ለ40 አንድ ተኩል። አራትን ለአንድ ተኩል ብታካፍል ኦድስ ሬሾው 2.67 ነው። ባለ ቴሲሱ «የተማሩት 2.67 እጥፍ ይወልዳሉ» ብሎ መጻፍ ይፈልጋል። 80ን ለ60 አካፍል እለዋለሁ። 1.33። ፊቱ ይጠቁራል፤ ትልቁ ቁጥር ይማርካላ።

ሶፍትዌር ላይ ብዙ አታስቡ። ኤስፒኤስኤስ በመዳፊት ይሠራል፣ ስታታ ፈቃዱ ይገዛል፣ አር ነፃ ነው። አንዱን በደንብ ያዙ። ግን በትእዛዝ ጻፉ እንጂ በመዳፊት አትሥሩ። አማካሪህ ዲፌንስ ሊደርስ ሲል «የዕድሜ ምድቡን ቀይረው» ይልሃል። ኮድ ካለህ አንድ መስመር ነው። ከሌለህ ሌሊቱን ጅማ ቆጪ ሰፈር በኪራይ ክፍልህ ስትደግመው ታድራለህ፣ መብራት ካልጠፋ።

ተመርቄ «ባዮስታቲስቲሺያን ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ብፈልግ ብዙ አላገኘሁም። ሥራው ሌላ ስም አለው፦ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ፣ ዳታ ማናጀር፣ የበሽታ ቅኝት ባለሙያ፣ ሌክቸረር። ያገኘሁት ሥራ ፈተናው አንድ የተዝረከረከ ኤክሴልና አጭር ሰዓት ነበር። ሞዴል አልነካሁም። ዕድሜን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደርኩ፤ መጨረሻው ላይ 99 በ99 ሆነ። መልስ ያልሰጡ ሰዎች ኮድ እንደሆነ ገባኝ። የሚጠረጠሩትን ለይቼ፣ መረጃ ሰብሳቢውን የምጠይቀውን በአንድ ገጽ ጽፌ አስረከብኩ። ኃላፊዋ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሌሎቹ አመልካቾች ቆንጆ ሪግሬሽን ሠርተው ነበር፤ 99ኞቹን ሁሉ ሽማግሌ አድርገው።