«ሎ» ሲለኝ ባትሪ ያለቀ መስሎኝ

ነርስ ነኝ፣ ጎንደር ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ነው የምሰራው። ሰዉ ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል፣ መጀመሪያ አካባቢ «አይ፣ ነርስ ነኝ» እያልኩ አስተካክል ነበር አሁን ትቼዋለሁ። የዛን ቀን ግን ዶክተር ባሉኝ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ነሀሴ መጨረሻ ላይ ነው። ለተማሪዎች ደብተር መግዣ ተብሎ አምባጊዮርጊስ ላይ የ15 ኪሎ ሜትር ሩጫ ተዘጋጀና አለቃችን «የመጀመሪያ እርዳታውን እኛ እንችላለን» ብሎ ቃል ገባ፣ ማን ይሂድ ሲባል እኔ እጄን አወጣሁ፣ ሩጫ ነፍሴ ነው። አምባጊዮርጊስን ለማታውቁ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትሄዱ ኮሶዬን አልፋችሁ የምታገኟት የወገራ ከተማ ናት። ጎንደር ራሷ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወገራ ከዛ በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ይላል፣ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ፒያሳ ላይ በሹራብ የሚንጎራደድ ሰው እዛ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል፣ በክረምት ሲሆንማ አትጠይቁኝ።

ይሄን ሁሉ እያወቅኩ የያዝኩትን ልንገራችሁ፦ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ለጡንቻ የሚነፋ ስፕሬይ፣ ኦአርኤስ፣ ግሉኮስ፣ ሁለት ካርቶን ውሃ። በቃ ሁመራ ላይ ለሚሮጥ ሰው ነው ያዘጋጀሁት። ሹፌራችን ጋሼ (በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ) ዕቃውን አይተው «የሚለበስ ነገር አልያዝክም እንዴ?» ሲሉኝ «ጋሼ ሯጭ እኮ ይሞቀዋል» አልኳቸው። ዝም አሉኝ። ጋሼ ዝም ሲሉ ነገር እንዳለ ማወቅ ነበረብኝ።

ሩጫው 1 ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሎ የክብር እንግዳው ስላልደረሱ 3 ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ልጆቹ በካናቴራና በቁምጣ ጭጋግ ውስጥ ቆመው ይዘላሉ፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ይከታሉ፣ ቱታቸውንማ አስቀድመው ለጓደኛ ሰጥተዋል። እኔም ቆሜ አያለሁ። ዛሬ ሳስበው ነገሩ የተበላሸው ሩጫው ሳይጀመር ነው፣ ግማሾቹ ገና መነሻው ላይ በርዷቸው ነበር።

መሀል ላይ ካፊያው ዝናብ ሆነ፣ ከዛ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ፣ ከዛ ነፋስ። የፊተኞቹ ምንም አልሆኑም፣ እየፈጠኑ ስለሆነ ሰውነታቸው እንደ ምድጃ ይነዳል። ችግሩ ያለው ወደ ኋላ ነው። ጡንቻ ተሸማቆበት መራመድ የጀመረ ሰው ምድጃው ይጠፋበታል፣ ልብሱ ግን እርጥብ ነው፣ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ይበልጥ እየሳበ ይወስዳል። ሯጭ ላይ ስብ የሚባል ነገር የለም እንግዲህ፣ ምን ይከላከልለታል።

መጨረሻው ሊደርስ 400 ሜትር ያህል ሲቀረው አንዲት ቀጭን ልጅ መጣች፣ 19 ወይ 20 ቢሆናት ነው። መንገዱን ከዳር ዳር እየለካች ነው የምትሄደው። ዳር የቆመው ወጣት «ይቺ ቀምሳለች!» ብሎ ይስቃል። ሮጬ ያዝኳት፣ ስሟን ስጠይቃት ምላሷ እየተሳሰረ የማይገባኝ ነገር አለችኝ። እኔ ወዲያው ስኳሯ ወርዷል አልኩ። ነካኋት፣ ቀዝቃዛ ናት፣ ግን አትንቀጠቀጥም። እዚህ ጋ ነው ሞኝነቴ፦ የመመዝገቢያው ወረቀት ላይ በገዛ እጄ «ብርድ የለባትም፣ አትንቀጠቀጥም» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ እስከ ዛሬ አለ።

ቴርሞሜትሩን ብብቷ ስር አደረግኩ። ጢው ጢው አለና «ሎ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ባትሪ ጨረሰ ማለት ነው አልኩና መጠባበቂያ ባትሪ ቀየርኩለት፣ እንደገና «ሎ»። ተበላሽቷል ብዬ ወረወርኩት፣ የሜርኩሪውን አወጣሁ፣ እሱ ደግሞ 35 ላይ ቁጭ ብሎ አልነቃነቅ አለ። «35፣ ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ አይከፋም» አልኩ ለራሴ። ያ ቴርሞሜትር እኮ የሚጀምረው ከ35 ነው! ከዛ በታች ብትሆንም መስመሩ ከዛ አይወርድም። የባትሪው ደግሞ ከ32 በታች ሲሆን ነው «ሎ» (በእንግሊዝኛ «ዝቅተኛ» ማለት ነው) የሚለው፣ መጠቀሚያ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ ማን አንብቦት። (ብብቷ ርሶ ስለነበር ውስጧ ከዛ የተሻለ ሊሆን ይችላል፣ ቢሆንም።) ማሽኑ ሁለቴ እውነቱን ነገረኝ፣ እኔ ባትሪ ቀየርኩለት።

እንግዲህ የራሴን ጃኬት በእርጥቡ ካናቴራ ላይ ደረብኩላት፣ ሁለት ልጆች እግሯን እያሹ ነው፣ አንድ ሰውዬ ደግሞ ከየት እንዳመጣው እንጃ አረቄ በብርጭቆ ይዞ «ይሄ ያሞቃታል» ይላል። አረቄውን ከለከልኩ፣ የዛን ቀን የሰራሁት ትክክለኛ ነገር እሱ ብቻ ነው። አረቄ ለጠጪው የሞቀው ይመስለዋል እንጂ ቆዳ ላይ ያለውን የደም ስር ስለሚከፍት የቀረችውን ሙቀት አውጥቶ ለነፋስ ነው የሚሰጠው።

ያኔ ነው አንዲት እማሆይ ከደጃቸው ወጥተው የመጡት። ጠጋ ብለው አዩዋትና ወደኔ ዞረው «ምነው ልጄ፣ ውሃውን ከላይዋ ሳታወርድ ጨርቅ ትከምርባታለህ?» አሉ። ከዛ ጠብቀው ፈቃድ አልጠየቁም፣ እግሯን የሚያሹትን «ተዉ! እጃችሁን አንሱ!» ብለው ተቆጡ፣ «ይቺ በእግሯ አትሂድ፣ ተሸከሟት» አሉ፣ እኔና ጋሼ ተሸክመን ወደ ቤታቸው አስገባናት። ወንዶቹን አስወጥተው እርጥቡን ልብስ አወለቁላት፣ መደቡ ላይ ከስርም ከላይም ጋቢ አድርገው ጠቀለሏት፣ ጭንቅላቷን ሳይቀር። እሳት አለ ግን አላስጠጓትም፣ ራቅ አድርገው ነው። «በረዶ የመታው እረኛ እንዲህ ነው የሚነሳው፣ ስንቱን አንስተናል» አሉ። እኔ ጥግ ይዤ ቆሜያለሁ፣ ሦስት ዓመት የተማርኩ ባለሙያ።

ሃያ ደቂቃ ይሆናል፣ ልጅቷ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ጋሼ ደንግጠው «ኧረ ባሰባት!» አሉ፣ እኔ ግን ያኔ ነው ትንፋሽ የመጣልኝ። ሰውነት ሲበርደው የሚንቀጠቀጠው ሙቀት ለመስራት ነው፣ በጣም ሲቀዘቅዝ ግን አቅም አጥቶ ይተወዋል፣ ስለዚህ ማቆሙ ነበር የሚያስፈራው፣ መጀመሩ ምልክቱ መልካም ነው። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ፣ መንገድ ላይ ግን ስካር መስሎ ሲመጣ አላወቅኩትም። አጥርታ መናገርና መዋጥ ስትችል ሻይ በብዙ ስኳር ሰጠናት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ስንተኛ ወጣሁ?» ከነጋቢው አምቡላንስ ላይ ጭነን ወደ ሆስፒታል ወሰድናት፣ ማታውን ደህና ነች ተባልን።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ ሳነብ አደርኩ። በፈረንጆቹ 2021 ግንቦት ላይ ቻይና ጋንሱ ውስጥ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ላይ ድንገት ብርድ፣ በረዶና ነፋስ ተነስቶ ከ172 ሯጮች 21ዱ ሞተዋል። እዛም ስድስት ሯጮችን ያዳነው ማን መሰላችሁ፣ ዋሻ ውስጥ ተጠልሎ እሳት ያነደደ እረኛ። እማሆይን አስታወሰኝ። የ2018ቱ የቦስተን ማራቶንም ትዝ አለኝ፣ ያ ዝናብና የፊት ለፊት ነፋስ፣ የኛዋ ማሚቱ ደስካ ብቻዋን ወጥታ ስትመራ ከቆየች በኋላ ተቀድማ አሜሪካዊቷ ዴዚሬ ሊንደን በ2:39:54 ያሸነፈችበት። ያኔ በቴሌቪዥን እያየሁ «ምን ነካቸው ዛሬ?» ብዬ ስስቅ ነበር፣ አይ እኔ።

ሰኞ ስብሰባ ላይ ወረቀቱን ራሴ አነበብኩት፣ «አትንቀጠቀጥም» የምትለዋ ጋ ስደርስ ድምጼ ጠፋ። አለቃችን አልተቆጣም፣ «ስለዚህ ምን ይገዛ?» አለ፣ ከመቆጣቱ ይልቅ እሱ ነው ያሸማቀቀኝ። አሁን ቦርሳው ውስጥ አራት ጋቢ፣ ትልልቅ ፌስታል፣ አንድ ፔርሙዝና ከ35 በታች የሚለካ ቴርሞሜትር አለ፣ አዘጋጆችንም ሯጭ ሳይጠራ ልብሱን እንዳያወልቅ አድርጉ እላለሁ፣ እንግዳ ቢዘገይም ባይዘገይም። የክሊኒኩ ልጆች «ጋቢው» ይሉኛል፣ ይበሉኝ።

መስከረም ላይ የእማሆይን ጋቢ አሳጥቤ፣ ቡናና ስኳር ይዤ ከጋሼ ጋር ሄድኩ። ቆሎ ሰጡን፣ የልጅቷን ደህንነት ጠየቁ፣ ጋቢውን ዘርግተው አዩትና «አስነጣኸው» ብለው መረቁኝ። ልንወጣ ስንል በር ላይ ያዝ አደረጉኝና በጣም አዝነው

«ያ ጢው ጢው የሚለው ዕቃህስ ተሰራልህ?» አሉኝ።

ጋሼ ፊታቸውን ወደ መኪናው አዞሩ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«አልተበላሸም ነበር እማሆይ» አልኳቸው።