ያነሳኸውን መልስ

የባትሪው ቻርጀር አረንጓዴ መብራቱን ካበራ ሦስት ቀኑ። ሞልቷል፣ የሚነቅለው ግን የለም። ማታ አምፖሉን ሳጠፋ ክፍሉ ውስጥ የሚበራው እሱ ብቻ ስለሆነ ትናንት ካልሲ ጣልኩበት።

ካሜራውን ከነካሁት ሃያ ምናምን ቀን ሆነኝ። ሰበብ አላጣም። ክረምት ነው፣ ዝናቡ አያስወጣም፣ የመሥሪያ ቤቱን ጣጣ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እውነቱ ግን ደብሮኛል። ዝም ብሎ ደብሮኛል።

ጓደኛዬ ቢ. መድኃኒቱ አላት። "በቀን አንድ ፎቶ፣ ምንም ይሁን ምን" ትላለች። አንድ ሰሞን ሞከርኩት። ዘጠነኛው ቀን ላይ የግራ ጫማዬን አነሳሁ። አሥረኛው ቀን ላይ የቀኙን። ከዚያ ተውኩት።

ሐዋሳ ደግሞ ለእንቅልፋም ፎቶ አንሺ አትመችም። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ጧት ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል ቆማችሁ ወደ ውሃው ስትዞሩ ብርሃኑ ከኋላችሁ ይመጣና የዓሣ አጥማጆቹ ፊት ላይ ያርፋል። ግን አይቆይም። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው ሽቅብ የምትወጣው። አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ለስላሳው ብርሃን አልቋል። ሦስት ሰዓት ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ዓይኑ አይታይም፣ ጥላ ብቻ ነው። ስለዚህ ወይ በጧት ትነሳላችሁ፣ ወይ ማታ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ዳርቻ ሄዳችሁ እንደ ሰው ሁሉ ጥቁር ጀልባ በብርቱካን ሰማይ ላይ ታነሳላችሁ። ከዚህኛው ከ200 በላይ አለኝ። የቱ የየትኛው ቀን እንደሆነ እኔም አልለየውም።

ዛሬ ጧት 12 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ነቃሁ እንጂ አልተነሳሁም። ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ስቤ "መነሳሳት እንዲመጣ መጀመሪያ መነሳት ነው" እያልኩ ራሴን ስመክር ቃሉ ያዘኝ። ይዞም አልለቀቀኝም።

እስቲ አስቡት። ፎቶ የምናነሳ እኛ ነን፣ የሚነሳው ሰውዬው ነው። ልጅ ሆኜ ለትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ ስወሰድ ፎቶ አንሺው "ቁጭ በል፣ ልትነሳ ነው" ሲለኝ ከበርጩማው ብድግ አልኩ። ቁጭ አደረገኝ። "አሁን ትነሳለህ" አለኝ፣ ደግሜ ብድግ አልኩ። ያኔ ተሳቀብኝ፣ ግን የሚያስቀው እኔ ነበርኩ ወይስ ቋንቋው? ከአልጋ መነሳትም እሱው ነው። ሞራል ሲመጣም ተነሳሳሁ እንላለን። ስልክ ከኪስ ሲጠፋ ደግሞ "አነሱብኝ"። አንድ ግስ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ይሄዳል።

የእናቴም ድምፅ እዚያው ግስ ውስጥ አለ። መቀስ፣ ሚስማር፣ የሬዲዮ ባትሪ፣ ምንም ነገር ከቦታው ከጠፋ የሷ ጩኸት ያው አንድ ነበር፦ "ያነሳኸውን መልስ!"

የሾርባዋ እትዬ ትዝ ያሉኝ ይሄኔ ነው።

ጥር ላይ ነው። አሞራ ገደል፣ ልጆቹ የቆሮሶ ዓሣውን ቆዳ በጥርሳቸው እየያዙ ሲገፉ፣ እትዬ ትልቁ ድስት ላይ ጎንበስ ብለዋል። ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ አንድ አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ መላጣ ራሱን ወደ ትከሻው ሰብስቦ፣ ደጅ የሚጠና ሰው መስሎ ቆሟል። እትዬ በጭልፋቸው የዓሣ ራስ አወጡ። እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው፣ ከዚያ ገለጥ አለ። ራሱን ወደ አባ ኮዳው ሊወረውሩ እጃቸው ከፍ ሲል ተጫንኩ።

"አንተ ልጅ፣ ምን አደረግክ?"

"ፎቶ አነሳሁዎት።"

"ሳላበጥር?"

"እንደዚሁ ነው የሚያምሩት።"

"እንግዲያው አምጣልኝ።"

"አሳጥቤ አመጣልዎታለሁ" አልኩ። ሾርባም ጠጣሁ። ሒሳብ አልተቀበሉኝም።

የካቲት ላይ ጠየቁኝ። መጋቢት ላይ ጠየቁኝ። ሚያዝያ ላይ አልጠየቁኝም፣ ዝም ብለው ብቻ አዩኝ። ከዚያ ወዲህ በሌላ መንገድ ነው የምሄደው። አሁን ሳስበው መሄዱንም ቀስ በቀስ የተውኩት ይኸው ነው።

"አሳጥቤ" ያልኩትም ያስቃል። ዛሬ ማን ያጥባል? ድሮ ፊልሙ ጨለማ ክፍል ገብቶ፣ ኬሚካል ውስጥ ተነክሮ፣ በውሃ ተለቅልቆ፣ እንደ ልብስ ገመድ ላይ ይሰጣ ነበር። ዛሬ ከፍላሽ ወደ ማሽን፣ ከማሽን ወደ ፖስታ ነው። እኛ ግን ፎቶ ቤት ገብተን አሁንም "አጥብልኝ" እንላለን። ጋሪ ዊኖግራንድ የሚባለው የኒውዮርኩ የመንገድ ፎቶ አንሺ በፈረንጆቹ 1984 ሲሞት 2,500 ገደማ ያልታጠበ ጥቅል ፊልም ትቶ ነው የሄደው። በጥቅል 36 ቢባል ወደ 90,000 ፎቶ ነው፣ እሱ ራሱ እንኳን ያላየው። ቺካጎ ሞግዚት የነበረችው ቪቪያን ማየርም ከ100,000 በላይ ኔጌቲቭ ሸሽጋ ኖረች። ዓለም ያወቃት ከሞተች በኋላ ነው። ይህን ሳነብ ደስ ይለኝ ነበር። ለራሴ የሆነ ሽፋን አገኘሁበት መሰለኝ። እነሱ ግን ለአሥርት ዓመታት አንስተዋል። እኔ ሃያ ቀን ተኝቻለሁ።

ደብተር አወጣሁና "እልክልሃለሁ" ያልኳቸውን መጻፍ ጀመርኩ። የሾርባዋ እትዬ። መነኸሪያ ጋ ያለው የባጃጅ ሹፌር፣ "ብሮ በቴሌግራም ጣላት" ያለኝ። ፒያሳ ገብርኤል ፊት ለፊት ያለው ሊስትሮ፣ ለእናቱ ገጠር ሊልክላት። በፍቼ ጨምበላላ ጉዱማሌ ላይ ከልጅ ልጃቸው ጋር ያነሳኋቸው ሽማግሌ፣ ስልካቸውን በሲጋራ ወረቀት ላይ አስጽፈው የሰጡኝ። ወረቀቱ የት ገባ? 27 ላይ ስደርስ ደከመኝና አቆምኩ።

(ጠበቃው ወንድማችን ይህን ቁጥር ቢሰማ ይስቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም የሚለው ቁጥር 27 ላይ ነው። ቁጥር 28 ደግሞ በአደባባይ ለሆነ ነገር በር ይከፍታል። እኛ የመንገድ ፎቶ አንሺዎች የምንሾልከው በዚያች በር ነው። "አመጣልዎታለሁ" ብሎ በሌላ መንገድ ስለሚሄድ ሰው ግን ሁለቱም ቁጥሮች ምንም አይሉም።)

በመጨረሻ ከአልጋ ወረድኩ። ፊቴን እንኳን ሳልታጠብ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ጥርን ፈለግኩ፣ እትዬን አገኘኋቸው። እስካሁን ያየሁት በካሜራው ትንሽ መስኮትና በስልክ ነበር። ለማሳጠብ ብዬ መጀመሪያ ዛሬ በሙሉ መጠኑ ከፈትኩት።

ፎከሱ አባ ኮዳው ላይ ነው።

አንድ በአንድ ላባው ይቆጠራል። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ከረጢት ቁልጭ ብሏል። መንቆሩ ላይ ያረፈች ዝንብ እንኳን ክንፏ ይታያል። እትዬ ጭልፋ የያዘ ጉም ናቸው።

የባሰው ደግሞ ይሄን ፎቶ ጥር ላይ ለጥፌዋለሁ። አንዱ "ጥልቅ ነው፣ ሴትዮዋን ያደበዘዝካት ሆን ብለህ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሳላፍር "አዎ፣ ልፋታቸው የማይታይላቸውን ሰዎች ለማሳየት ነው" ብዬ መለስኩ። ልብ ተደረገልኝ። አርባ ሦስት ልብ።

አሁን ምን ላድርግ? ሄጄ ተበላሸ ልበላቸው? በስድስት ወሩ? ወይስ እንደገና ላንሳቸው? ያኔ ደግሞ አበጥረው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጭልፋውን ደብቀው ነው የሚቆሙልኝ። ወይስ ትልቁን መጠን አሳጥቤ ልውሰድና ስሰጣቸው አባ ኮዳው ላይ አውራ ጣቴን ላድርግበት።

ትልቅ ወፍ ነው። ሁለቱንም አውራ ጣቶቼን ሳይፈልግ አይቀርም።