ቪኤይት አቆይቶ መንዳት ምን ያህል ያስወጣል (የኖዝሉ ጣጣ ለብቻው)

ላንድክሩዘር 200 ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ በተለይ የናፍጣውን ባለ 4.5 ሊትር ቪኤይት፣ ይሄን ሳትከፍሉ በፊት አንብቡት፣ እኔን የነገረኝ ሰው አልነበረም። መኪናው አይበላሽም የሚባለው እውነት ነው። ግን እኮ ንጹህ ናፍጣና ሐቀኛ ጋራዥ ካገኘ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ሁለቱ ባንድ ላይ ተገኝተው አያውቁም።

ግዢው ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ከድርጅት የወጣ መኪና ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን አረጋግጡ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ፣ ስም አዙሩ፣ አለቀ። ቦሎም በጠዋት ከሄዱ የግማሽ ቀን ስራ ነው።

ነዳጅ ላይ ሻጩ ምንም ቢላችሁ፣ በመገናኛና በቦሌ ጭንቅንቅ በሊትር 6 ቢበዛ 7 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ሁለት ታንከር አለው፣ ዋናው 93 ሊትር ተጨማሪው 45፣ እና 2017 ላይ ናፍጣ ሊትሩ 99 ብር ሊሞላ ሲል ሁለቱንም ሞልቼ በቴሌብር 13 ሺህ ምናምን ብር ሲቆረጥ የላኩት ቁጥር ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ስልኩን ደግሜ አየሁት። ዘይት ከ9 ሊትር በላይ ይጠጣል። በ10 ሺህ ኪሎ ሜትር ቀይሩ ይሏችኋል፣ አትስሟቸው፣ በኛ ናፍጣና በኛ አቧራ በ5 ሺህ ነው፣ የናፍጣ ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር። የአየር ፊልትሮውን በኮምፕረሰር እያራገፉ መመለስ የሚባለውን ልማድ ደግሞ ተዉት፣ ለሞተሩ አየር የሚገፉትን ሁለቱን ቱርቦ በአቧራ የምታስበሉት በዚያ ነው። ጎማው 285/60 ባለ 18 ነው፣ ርካሹን የገዛ ሁሉ ዓመት ሳይሞላ ተመልሶ ሲገዛ አይቻለሁ።

ኢንሹራንስ ላይ አንድ ነገር። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይመራ ሲባል 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባትም በዚያው ዓመት ስለተከለከለ ያለው መኪና ዋጋው ሰቀለ። የድሮው ግምት ላይ ከተኛችሁ ጉድ ናችሁ፣ 10 ሚሊዮን የሚያወጣውን መኪና 5 ብላችሁ ካስመዘገባችሁ ጉዳት ሲደርስ ግማሹን ነው የሚከፍሏችሁ። ፖሊሲው ላይ በደቃቅ ፊደል አለ፣ ማንም ጮክ ብሎ አያነብላችሁም።

አሁን ወደ ኖዝሉ፣ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ወደሚረጨው ዕቃ። ቪኤይት ባለ 8 ሲሊንደር ስለሆነ 8 ኖዝል አለው።

ከባሌ ስመለስ መንገድ ላይ ካለ ማደያ ሞላሁ። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ነጭ ጭስ፣ ሞተሩ ቀቀቀ ይላል፣ ዳገት ላይ ጉልበት የለም፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት በርቷል። ውሃ የገባበት ናፍጣ መሆኑን ፊልትሮው ሲፈታ በዓይኔ አየሁት። ወደ አንድ ትልቅ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ስሙን አልጠራም፣ ባለ መስታወት ቢሮ ያለው፣ ቡና የሚያቀርቡበት ዓይነት። ኮምፒውተር ሰክተው አንድ ወረቀት ፕሪንት አረጉና "ቦስ፣ 8ቱም ኖዝል ሄዷል" አሉኝ። አንዱ 90 ሺህ ብር። በ8 አባዙት።

ለምን 8ቱም? አልኩ። "ቪኤይት ነዋ!" አለኝ ልጁ፣ መልስ መሆኑ ነው። ይሄ መኪና ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ባለስልጣን ወይ ድርጅት የመጣ ነው የሚመስላቸው፣ ሒሳቡ ከአንድ ሰው ደሞዝና ቁጠባ የሚወጣ አይመስላቸውም።

ተቀየረ። መኪናው ባሰበት። ቆሞ ሲሰራ ይንቀጠቀጣል፣ ጭሱ ጥቁር ሆነ። "አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል" አሉኝ። ይለምዳል! ጥጃ ነው እንዴ የሚለምደው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ አዲስ ጥፋተኛ ይገኝ ነበር፣ አንዴ ፖምፓው ነው፣ አንዴ ቱርቦው ነው፣ በመጨረሻ የመኪናው ኮምፒውተር ራሱ ተቃጥሏል ከዱባይ እናስመጣ ተባለ። ጥያቄ ባበዛሁ ቁጥር ስራ አስኪያጁ ስብሰባ ይገባል። አሮጌዎቹን ኖዝሎች ስጡኝ ስላቸው "ተጥለዋል" አሉኝ። ከ8ቱ አንድ እንኳን አልቀረም። የ90 ሺህ ብር ዕቃ አሮጌው የሚጣል የሚመስለው ካለ አንዴ የመለዋወጫ ሰፈሩ ሶማሌ ተራ ሄዶ ይጠይቅ፣ ታጥቦ ታድሶ በካርቶን ተመልሶ ይመጣል።

ያዳነኝ ሳሪስ አካባቢ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ቡና የለ፣ መስታወት የለ፣ ቆሻሻ ላፕቶፕ ብቻ። "ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ብለውኛል" አልኳቸው፣ ሳቁ። የዚህ ሞተር ናፍጣ ከ1,500 ባር በሚበልጥ ግፊት ነው የሚረጨው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ኖዝል ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ ልኬት ይወሰድለትና ኮድ አናቱ ላይ ይጻፍበታል፣ ሲቀየር ያ ኮድ መኪናው ኮምፒውተር ውስጥ መግባት አለበት። ካልገባ ኮምፒውተሩ የወጣውን ኖዝል እያሰበ አዲሱን ያዛል። የኔ የ8ቱም ኮድ ኮምፒውተሩ ውስጥ አልገባም። ጭራሽ ደግሞ ሁለቱ ላይ የነበረው ኮድ ተፍቆ እላዩ ላይ ሌላ ተጽፎበታል፣ በባትሪ ብርሃን አሳዩኝ።

የመጀመሪያው ቀን ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር። ተቀብለው አዩትና "ልጄ፣ እዚህ ላይ እኮ ከመስመር የወጡት 3ኛውና 6ኛው ሲሊንደር ብቻ ናቸው፣ ሌሎቹ ደህና ነበሩ" አሉኝ። ማለት ጋራዡ ራሱ ፕሪንት አርጎ የሰጠኝ ወረቀት ላይ እውነቱ ነበር። ይሄን ስጽፍ ራሱ ደሜ ይፈላል።

ቅሬታ ላቅርብ ብዬ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሰውየው ደረሰኙን አየና "የጥገና አገልግሎት ነው የሚለው፣ ስለ ኖዝል የተጻፈ የለም" ብሎ መለሰልኝ። ልክ ነው፣ 720 ሺህ ብር ዕቃ "የጥገና አገልግሎት" በሚል ሁለት ቃል ነው የተቆረጠው። ሌላ ማስረጃ አምጣ አለኝ፣ ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

ስለዚህ ኖዝል ካስቀየራችሁ፣ ሳይገጠም በፊት የ8ቱንም ኮድ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ኮዱ ሲገባ ላፕቶፑ አጠገብ ቁሙ፣ ቢያኮርፉም ያኩርፉ። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ቁጥር ካልተጻፈ አትክፈሉ። አሮጌው ዕቃ የናንተ ንብረት ነው፣ በሻንጣ ጭናችሁ ሂዱ። ምርመራው ላይ የትኛው ሲሊንደር ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ "ሁሉም" የሚል መልስ ከሰማችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉና ሌላ ቦታ አስዩት። ከናፍጣ ፊልትሮው ግርጌ ያለችውን የውሃ ማውጫ ደግሞ ከሩቅ መንገድ በተመለሳችሁ ቁጥር አስፈትሹ፣ ምንም አያስከፍልም።

ሽማግሌው ኮዳቸው በተፋቀው ፋንታ ሁለት ትክክለኛ ኖዝል አስመጥተው የ8ቱንም ኮድ አስገቡ፣ በዚያው ቀን ጭሱ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ኮፋኖ የሚከፈተው ለዘይት ብቻ ነው፣ ዲላና ጂንካ ደርሶ ተመልሷል፣ ካምቢዮውም ሞተሩም ላይ ምንም የለም። ባለቤቴ ሽጠውና ኤሌክትሪክ ግዛ ትለኛለች፣ ለከተማ ከሆነ እውነቷን ነው፣ ለጂንካ መንገድ ግን እኔ ገና አላመንኩም። የሚቀጥለው ወጪ የፊት ፍሬን ሸራና ቦኮላ ነው፣ መኪናው 2.7 ቶን አካባቢ ስለሆነ ሸራ ይበላል፣ እሱንም ሳሪስ ነው የማሰራው።