ፆሙን ፆመን ቂሙን ይዘን

እኛ ሰሜን ሸዋዎች ኃጢአት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን መጠጥ፣ ዝሙት፣ ፆም መሻር ምናምን ነው። እገሌ ረቡዕ ቀን ስጋ በላ ቢባል ደብረ ብርሃን ላይ የተበላው ሳይመሽ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ይሰማል። ያው ሰውዬ ግን በድንበር ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ ስንት ሁዳዴ ቢያሳልፍ ማንም ምንም አይለውም፣ እንደውም "የዋዛ ሰው አይደለም፣ አይረሳም" ተብሎ ይመሰገናል። ከኃጢአት መላቀቅ፣ በቅድስና መኖር እያልን ስናወራ እኔ ሁሌ ሚከነክነኝ ይሄ ነው፣ የምናፍርበትን ኃጢአት እንታገለዋለን፣ የምንኮራበትን ግን ማን ይንካው?

ሁዳዴን እንይ። 55 ቀን ነው፣ ሁለተኛው ሳምንት ቅድስት ይባላል። የዛን እሁድ ቅዳሴ ላይ 1ኛ ተሰሎንቄ 4 ይነበባል፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ መቀደሳችሁ ነው የሚለው፣ ወንጌሉ ደሞ ማቴዎስ 6 ከቁጥር 16 ጀምሮ ነው፣ ስትጦሙ እንደ ግብዞች አትጠውልጉ የሚለው። እቤት ስትገቡ መጽሐፍ ቅዱሱን ግለጡና ሁለት ቁጥር ብቻ ወደ ላይ ውጡ። ለሰዎች ኃጢአታቸውን ይቅር ባትሉ አባታችሁም ይቅር አይላችሁም ይላል። ጌታ ስለ ፆም ከመናገሩ በፊት ይቺን ነው ያስቀደመው፣ እኛ ግን ቀጥታ ከሽሮው ነው ምንጀምረው።

ቅዳሴ ላይም እኮ አለ። ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" (እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) ሲል ግራና ቀኝ ዞረን እጅ እንነሳለን፣ ደስ ይላል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ እጅ ምንነሳው ለማናውቀው ሰው ነው። የተጣላነው ሰው እዛው ቅጥር ውስጥ ዛፍ ስር ቆሟል፣ ወደሱ ፊታችን አይዞርም፣ ቅዳሴው ሲያልቅም እሱ በምሥራቁ በር ከወጣ እኛ በምዕራቡ ነን። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ያሉት አባቶቻችን ይሄን አይተው ነው መሰለኝ።

ንስሐ ላይ ደሞ ይብሳል። የንስሐ አባት ስግደት ቢያዙ፣ መዝሙረ ዳዊት ድገም ቢሉ ማንም አያጉረመርምም። "ሂድና ታረቅ" ሲሉ ነው ጉዱ። አባ እሱ እኮ እንዲህ አርጎኝ፣ አባ እርስዎ አያውቁትም፣ አባ በሽማግሌ ተሞክሮ ነበር… ሰው መቶ ጊዜ ይሰግዳል አንዴ "እንዴት አደርክ" ከሚል። ፃድቃኔ ማርያም ሱባኤ ገብቶ፣ ፀበሉን ተጠምቆ፣ ማታ ወደ ቤት ደውሎ "ያ ሰውዬ ዛሬ አጥሩን ነካ እንዴ?" ብሎ ሚጠይቅ ሰው አውቃለሁ፣ እና ሰውዬው ውሸታም አይደለም፣ ፆሙም ፀሎቱም የእውነት ነው፣ አንዷን ክፍል ብቻ ለእግዚአብሔር አልከፈተም።

ያዕቆብ 1 ላይ ምኞት ፀንሳ ኃጢአትን ትወልዳለች ይላል። ቂምም ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ይቀለባል፣ ሚቀለበው ደሞ በወሬ ነው። ቡና ላይ ታሪኩ በአቦል ይጀመራል፣ ቶና ላይ የሰውዬው አባትም እንዲሁ ነበር ይባላል፣ በረካ ላይ ሲደርስ ያልሰራው ጥፋት ሁሉ ተጨምሮለታል። እኛ ልጆቹም ቴሌግራም ላይ ብሎክ አርገን፣ ስክሪንሾቱን ግን አስቀምጠን፣ በየሳምንቱ አውጥተን እናነበዋለን። ስለዚ ከዚህ ኃጢአት መውጣት ሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ታላቅ ነገር አይደለም፣ ታሪኩን መተረክ ያቁም፣ ስክሪንሾቱን ያጥፋ። ከዛ የሰውዬውን ስም ጠርቶ ይጸልይለት፣ "ልቡናውን ስጠው" እያለ ሳይሆን (እሱ እርግማን ነው በጸሎት ስም) ልጆቹን ባርክለት፣ እህሉን ባርክለት ብሎ። መጀመሪያ ከአንገት በላይ ይሆናል፣ ይሁን። ቅድስና በአንድ ሌሊት አይመጣም፣ ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል ይነሣማል ነው ሚለው መጽሐፉ።

አንድ ነገር ግን ልበል፣ ይቅርታን ላልተነካ ሰው መስበክ ቀላል ነው። አጣዬ በ2013 ስትቃጠል ቤቱን ያጣ ሰው፣ በ2014 ጦርነት ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ላይ ሰው የሞተበት ሰው ፊት ቆሜ "በል እርሳው" አልልም፣ አፍም የለኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ደሞ ወንጌሉ እርሳ አይልም፣ ፍርድ ይቅር ብሎም አላዘዘም። የተወሰደብህን መሬት በሽማግሌም በፍርድ ቤትም ጠይቅ፣ መብትህ ነው፣ ግን ሰውዬው ሲሞት ማየት አትመኝ። ሁለቱን ስለምናምታታ ነው ይቅርታ የደካማ ሥራ ሚመስለን።

መንዝ ያለችው አክስቴ ይሄን ለይታ ታውቃለች። ጎረቤቷ ድንበር ገፋባት፣ ዝም አላለችም፣ ሽማግሌ አስቀመጠች፣ ተፈረደላት፣ መሬቷን አስመለሰች። ሰውዬው አኮረፈ፣ እሷ ግን በነጋ በጠባ ሰላም ትለዋለች፣ አንዳንዴ ይመልሳል አንዳንዴ ያልሰማ መስሎ ያልፋል። ሮሜ 12 ላይ ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ ይል የለ፣ በሷ በኩል ጨርሳለች። ልጆቿ ተናደው "እማዬ፣ የገፋሽን ሰው ነው አንቺ ቀድመሽ ሰላም ምትይው? አያሳፍርሽም?" ሲሏት "ኧረ ተዉኝ፣ ቆራቢ አይደለሁ እንዴ፣ ምን ላርግ?" ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።